በስድስተኛ ቤት ዘመድ የተመሰከረ ጤንነት

ኅዳር 18 ቀን 2005 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አዳራሽ፣ ዐርባ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በተገኙበት ግምገማ የሚከተለው በቃለ ጉባኤ ተመዘገበብኝ፤ «የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሰው ሲያናግራት ዐይኑን አታይም። ደኅንነቷን ስትጠየቅ ትመልሳለች እንጂ ጠያቂውን መልሳ አትጠይቅም። ጭብጨባ ሲጀመር ጆሮዋን ትይዛለች። ስሕተት ከሰማች የተናጋሪው ማዕረግ ሳይገድባት ታርማለች። ስለሆነም ሕዝባዊነት የጎደላትና የአመለካከት ክፍተት ያለባት ናት።»

በደሉ ይህ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል አንድ ነገር ላስመዝግብ፤ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በቀር የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ አስተውሎ የተመለከተኝ የመጀመሪያው አካል የግምገማ ኮሚቴ መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም።

መሥሪያ ቤታችን ዐርባ ሦስት ሠራተኞች አሉት። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ስንቧደን፣ ዐርባ ሦስት ለስድስት ሲካፈል ሰባት ይደርስና አንድ ይተርፋል። የተረፈችው እኔ ነበርሁ። የሥራ ሂደት ባለቤታችን አቶ ምናለ (በዘመናችን ሂደትም ባለቤት አለው) ይህችን ቀሪ የት እንደሚያደርጓት ቸግሯቸው ከርመዋል። ከግምገማው ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ለእንግዶች ሪፖርት ሲያቀርቡ «የወረዳዎቻችንን አሲዳማ አፈር በኖራ ድል ነሥተነዋል» አሉ። እኔም ከኋላ ወንበር ተነሥቼ «ኖራው ገና መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑም ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው» አልሁ። ቁጣ አልነበረብኝም፤ ተንኮልም አልነበረብኝም። ስሕተት ነበረ፤ አረምሁት። ሰዎች ይህን ድፍረት ይሉታል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ያሰብሁት፣ ይህን ያህል ሰው ኖራው መጋዘን መሆኑን እያወቀ እንዴት ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ቻለ ነው። እስከ ዛሬም አልገባኝም።

«ክፍተት በታየበት በኩል ይሞላል» አሉ አቶ ምናለ። ከላቦራቶሪው ተነሥቼ ወደ ሕዝብ ግንኙነት እንድዛወር ሐሳብ አቀረቡ። ዐርባ ሁለት እጅ ወጣ። ሰው የማታናግር ናት ተብላ የተከሰሰች ሴት፣ ቅጣቷ ሰው እያናገረች ደመወዝ መብላት ሆነ። ዋና የማያውቀውን ዓባይ መሐል ወርውሮ «አሁን ይለምዳል» ማለት ነው። አጨበጨቡ፤ ጆሮዬን ያዝሁ፤ እሱም ተመዘገበ።

ላቦራቶሪው ለእኔ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልናገር። አፈር እንዴት አደርሽ አይልም። ናሙናው በቁጥሩ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ይለካል፤ የተለካው ነገር ነገም ያው ነው። ከዚያ ክፍል መውጣት ለእኔ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ መዛወር አልነበረም። በዓለም ላይ የምችለውን ብቸኛ ነገር ተነጥቄ፣ የማልችለውን ሁሉ በአንድ ወንበር ላይ መቀበል ነበር።

«ክፍተቱ የአመለካከት ሳይሆን የተፈጥሮ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አቶ ምናለ ፈገግ አሉ። «የሐኪም ማስረጃ ካለሽ እስከ ጥር መጨረሻ አምጪ። የጤና ጉዳይ በግምገማ አይታይም።»

ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስለ ኦቲዝም ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤያለሁ። ስለ ሌላ ሰው የማነብ አልመሰለኝም ነበር። ስለዚህ እውነቱን ለማወቅ ሁለት ምክንያት ኖረኝ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአቶ ምናለ።

መጀመሪያ በከተማችን ወደሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ሄድሁ። ወጣቱ ሐኪም ቃሌን በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ታይፎይድና ታይፈስ እንድመረመር አዘዘ። በምዕራብ ጎጃም እግሩ የተሰበረም ሰው በመጀመሪያ ታይፎይድና ታይፈስ ይመረመራል። ሁለቱም ተገኙብኝ። መድኃኒቱን ጨርሼ ብመለስ «ተሻለሽ?» አለኝ።

«ከታይፎይዱ ተሽሎኛል። የጠየቅሁህ ግን ስለ ኦቲዝም ነበር።»

መጽሐፉን ገለጠ። ሐቀኛ ልጅ ነው፤ እፊቴ ገለጠው። «እሱማ የሕፃናት ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው» አለና ወደ ሕፃናት ክፍል ላከኝ።

በሕፃናት ክፍል ደጃፍ፣ ቁመቱ ከጉልበቴ በማይበልጥ አግዳሚ ላይ፣ ልጅ በታቀፉ እናቶች መካከል ተቀመጥሁ። ተራዬ ሲደርስ ሲስተሯ ቀና ሳትል መዝገቡን ዘረጋች።

«ሕፃኑስ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ እናቱ ነሽ። ሕፃኑን ነው የምልሽ።»

«ሕፃን የለም። የተላክሁት እኔ ነኝ።»

አሁን ቀና አለች። ወረቀቱን አየች፤ ማኅተም አለበት። ማኅተም ያለበትን ነገር የሚጠራጠር የመንግሥት ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ወደ መዝገቧ ተመለሰች። «ዕድሜ በወር ነው የሚሞላው» አለች በቅሬታ።

«አራት መቶ ሠላሳ ስድስት» አልኋት። ጻፈችው። ሣጥኑ ሁለት አኃዝ የሚይዝ ስለነበረ ስድስቱ ወደ «ክብደት» ተሻገረ።

«ክትባት ጨርሳለች?» አለች ከልማድ የተነሣ፤ ወዲያው አፏን ያዘች። አጠገቤ የነበረችው እናት ግን አልሳቀችም። ልጇን እያጠባች በሐዘኔታ አየችኝና «አይዞሽ፣ እግዜር ያሳድግሽ» አለችኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የተሰጠኝ ትርጉም ያለው የሕክምና ምክር ይህ ብቻ ስለሆነ መዝግቤዋለሁ።

ሲስተሯ በመጨረሻ ቡሬ ላይ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ፣ በወር አንድ ቀን የሚመጡ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት እንዳሉ ነገረችኝ። ሄድሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ደርሼ ስምንት ሰዓት ገባሁ።

«ሥራዎ?» አሉ ዶክተሩ።

«የአፈር ኬሚስት።»

«ትምህርት?»

«ሁለተኛ ዲግሪ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁለተኛ ዲግሪ አይዝም።»

«ትምህርት ከስንተኛው ክፍል ጀምሮ ነው የሚከላከለው?»

«ምን አሉ?»

«የሚከላከልበትን ደረጃ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ሁለት ወር ወደ ኋላ ቀርቷል። ነገርኋቸው።

«ባለትዳር ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እህ» አሉና ጻፉ። በተገላቢጦሽ አነበብሁት፤ «ብቸኝነት» ይላል። ብቻዬን ስሆን ብቸኝነት እንደማይሰማኝ፣ የሚሰማኝ ከሰዎች ጋር ስሆን መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ይህንንም በ«ብቸኝነት» ሥር ጻፉት። ያን ጊዜ ነው የግምገማውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ከቦርሳዬ አውጥቼ የሰጠኋቸው።

አነበቡት። ፊታቸው በራ። ዐይን፣ ሰላምታ፣ ጭብጨባ፣ እርማት፤ በየመሥመሩ ላይ በብዕራቸው ጫፍ እየነኩ አለፉ። «ግሩም ነው! ሌላ ቦታ ታይተዋል ለካ። ይህን የመዘገበው ባለሙያ ማን ነው? የት ነው የሚሠራው?»

«የግምገማ ኮሚቴ ነው።»

ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው መለሱልኝ። «ይህንን አላየሁትም። እኔ ሐኪም ነኝ፤ እዚህ ነገር ውስጥ አያስገቡኝ።» ከዚያም ድምፃቸውን አስተካክለው ሥርዓቱን ነገሩኝ። የሚያስፈልገው የቤተሰብ ቃል ነው። ከአምስት ዓመቴ በፊት የሚያውቀኝ ሰው፣ እኔ በሌለሁበት፣ ዐሥራ ስምንት ጥያቄ ይጠየቃል፤ ቃሉን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ያረጋግጣል።

አባቴን አላውቀውም። እናቴ የሞተችው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከአምስት ዓመቴ በፊት የሚያውቁኝ፣ ከማንኩሳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያሉት አክስቴ ወይዘሮ እናኑና ጎረቤታቸው አጎቴ መሪጌታ አለነ ብቻ ናቸው። ክሊኒኩ ይበልጣል የሚባለውን ነርስ ላከ። ይበልጣል ዐርባ ዓመት ያለፈው፣ ዝግተኛ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ለሥራው ክብር ሲል ኮት ለበሰ፣ ማኅደር ያዘ፣ በሞተር ብስክሌት ሄደ። የሆነውን ከሦስቱም አፍ ሰብስቤዋለሁ፤ ቃላቸው የሚለያየው በሰላምታው ርዝመት ብቻ ነው።

አክስቴ ደጅ ሲደርስ «ስለ ልጅቱ አስተዳደግ ጥቂት ልጠይቅ መጥቼ ነው» አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበልልኝ። በእኛ አገር ኮት የለበሰ እንግዳ ሰው ያላገባች ሴት አስተዳደግ ሊጠይቅ የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይበልጣል ከክሊኒክ መምጣቱን፣ ነገሩም ምርመራ መሆኑን መናገሩን ይምላል። አክስቴም መስማታቸውን አይክዱም። «የዛሬ ሰው ሳይመረመር ያገባል እንዴ?» ነው ያሉኝ። ያለ ደም ምርመራ ተክሊል በማይፈጸምበት ዘመን ይህን ስሕተት ማለት ይከብዳል።

ገብቶ ተቀመጠ። መሪጌታ ተጠሩ። ጠላ ቀረበ። ይበልጣል ማኅደሩን ከፈተ።

«በልጅነቷ የሰው ዐይን ታይ ነበር?»

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ አክስቴ። «የእኛ ልጅ የአዋቂ ፊት ልታይ? መሬት መሬት እያየች ነው ያደገችው!»

ይበልጣል ጻፈ፤ «ጨዋ።»

«ከእኩዮቿ ጋር ትጫወት ነበር?»

«ሴት ልጅ ከመንገድ ምን አላት? ጓዳዋን ወዳድ ናት።»

«ዕቃ እየደረደረች ትውል ነበር?»

«ባለሙያ! ስንት ቀን እንስራዎቹን በቁመታቸው ስትደረድር ውላለች። ቦታው የተዛነፈ እንደሆን እህል አትቀምስም።»

«ጫጫታ ይረብሻት ነበር?»

«ጭምት ናት። ሠርግ ቤት እንኳ ጓዳ ገብታ ነው የምትቀመጥ።»

እንዲህ እያለ እስከ ዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ሄደ። ጽሑፎቹ በኦቲዝም ምልክትነት የዘረዘሩት ሁሉ አክስቴ አፍ ውስጥ ገብቶ የሙሽራ ምርቃት ሆኖ ወጣ። በጎጃም ሴት ልጅ ኦቲዝም ሊኖርባት አይችልም፤ ቦታው በጨዋነት ተይዟል።

ዐሥራ ስምንተኛው ግን ጨዋነት የሚሸፍነው አልነበረም። «አፍ የፈታችው መቼ ነው?»

አክስቴ አላመነቱም። «በዘጠኝ ወሯ። ‹እማ› ብላ።»

በዚህ መካከል መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንት ደሞ የማን ልጅ ነህ፣ ጌታው? እስቲ ቁጠርልን።» ይበልጣል ትሑት ሰው ነውና ይህን የአገር ወግ መስሎት አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጠረ። መሪጌታ በጣታቸው ተቀበሉት። ዳሞት ወጡ፣ ወንዝ ተሻገሩ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከእኔም ስድስተኛ ቤት ላይ ያው ሰው ቆሟል።

«ወይኔ!» አሉ አክስቴ፣ ደረታቸውን መትተው። «አንድ ቤት! አንድ ቤት ብቻ ቢርቅ ምን ነበረበት!»

«ዘመዳሞች ናችሁ፤ አይሆንም» አሉ መሪጌታ፤ ፍርዱም ጸና። ይበልጣል ምን እንደማይሆን አልገባውም። አዲስ የተገኘ ዘመድ መሆኑ ብቻ ገባውና ተነሥቶ ጉልበት ሳመ። አክስቴ በሐዘን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ቅጹ ላይ አኖሩ። ምሳ በልቶ፣ ማር ተቋጥሮለት ተመለሰ።

ውጤቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰኝ፤ «ጤነኛ። ጭምት። በቤተሰቧ የተመሰገነች።» ሥሩ ላይ የዶክተሩ ፊርማ አለ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ እንኳ እንዲህ ያለ ምስጋና አልተጻፈልኝም።

አቶ ምናለ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ጤነኛ ከሆንሽ እንግዲያው ክፍተቱ የአመለካከት ነው። የካቲት አራት፣ ሰኞ፣ ሕዝብ ግንኙነት ትጀምሪያለሽ።» ከሰኞው በፊትም ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ የመክፈቻ ንግግር እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አክስቴ ሊያጽናኑኝ ፍኖተ ሰላም መጡ። ለምን እንደምጽናና አላወቅሁም ነበር።

«አይዞሽ፣ ልጄ። ደርባባ ሰው ነበር። ስድስተኛ ቤት ሆነና ነው እንጂ…»

«ማን ነው ስድስተኛ ቤት የሆነው?»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። እኔም ሰውየው ማን እንደ ነበረ፣ ቅጹ ምን እንደሚጠይቅ፣ በእሳቸው ጣት ምክንያት ከየት ወዴት እንደምሄድ በተራ ነገርኋቸው። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በዘጠኝ ወሬ ‹እማ› ብያለሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አላልሽም።»

«መቼ ነው አፌን የፈታሁት?»

«አራት ዓመትሽን አልፈሽ። እስከዚያ አንዲት ቃል አልወጣሽም። ዱዳ ናት ተብሎ እናትሽ ያልተሳለችበት ደብር የለም። አንድ ቀን አጎትሽ ውዳሴ ማርያም ሲደግም አንድ መሥመር ዘለለ። አንች ከጥግ ሆነሽ የዘለለውን አልሽለት። የመጀመሪያ ቃልሽ እሱ ነው።»

የሕይወቴ የመጀመሪያ ቃል የመሪጌታን ስሕተት ማረሚያ እንደ ነበረ የሰማሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

«ያን ሁሉ እያወቁ ለምን ለሰውየው አልነገሩትም?»

«ለማን? ለባለ ሞተር?» አሉ አክስቴ፤ አሁን ድምፃቸው ተቆጣ። «እናትሽ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ያለችኝ ሌላ ነገር መሰለሽ? መሬቱን አላለችኝ፣ ከብቱን አላለችኝ። ‹ሰው እንዳያውቅባት› ነው ያለችኝ። አደራ ነው፣ ልጄ። ባል ሊሆን ለመጣም፣ ሐኪም ሊሆን ለመጣም አደራ ያው አደራ ነው።»

አደራው ተጠብቋል። እስከ ዛሬ ማንም አላወቀብኝም፤ እኔንም ጨምሮ።

ለሐኪሙ ይነግሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አሰቡበት። «ባፌ እነግረዋለሁ፤ ያንችን ለአንች ስል። አጎትሽማ አደራውን ሰምቷል፤ ባፉም አይናገር። እኔም ወረቀት ላይ ጣቴን አላኖርም። አፍ የተናገረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ጣት ያረፈበትን ማን ይወስድልሻል?»

ቡሬ ወሰድኋቸው። ዶክተሩ የሚመጡበት ቀን አልነበረም፤ ይበልጣል ብቻ ነበር። ከወንበሩ ተነሥቶ የአክስቴን ጉልበት ሳመ። እኔ ጉዳዩን ስናገር ወለሉን ያያል።

«አውቄዋለሁ፣ እቴ» አለ በዝግታ። «‹በዘጠኝ ወሯ› ሲሉኝ መሪጌታ በጠላው ትን አላቸው። እንስራውንም፣ ጓዳውንም ስጽፍ አውቄዋለሁ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዘመድ ሆንና! በዘመዴ ላይ ይህን ልጻፍ? የአንች ስም እኮ የእኔም ነው።»

በዚህ አውራጃ ምልክቱን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ በመጨረሻ ቢገኝ፣ ያወቀውን እንዳይጽፍ አንድ ቤት ቀርቦ ተገኘ። ቅጹ ይታረም ዘንድ አዲስ የጣት አሻራ እንደሚያስፈልግ፣ ያለ አሻራ ዶክተሩ እንደማይነኩት በትሕትና ገለጸልኝ። ለዶክተሩ የጻፍሁትን ደብዳቤ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ አኖረው። «ለአንች የሚበጅ ሆኖ ካገኘሁት እሰጣቸዋለሁ» አለ። ቆለፈው።

ጥያቄዬን በዚህ ጽሑፍ አደባባይ ለማውጣት የተገደድሁት ስለዚህ ነው፤ ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆነ ለዶክተሩ ይድረስ። ክርክር የለኝም፤ ርኅራኄም አልጠየቅሁም። ወይዘሮ እናኑ እስከ አራት ዓመቴ አለመናገሬን በአፋቸው ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው፤ እሳቸው ያለ ጣት፣ እኔም ያለ ሌላ ምስክር ነን። ይህን ቃል ያለ አሻራ ይቀበሉታል ወይስ አይቀበሉትም? መልሱ እስከ ጥር 30 ቀን 2005 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። በይበልጣል እጅ እንዳይላክ።